ሰልፈኛው ሞኝ አይደለም

ጽሑፉን አምስት ሰው ላከልኝ። አምስተኛው «አንብበው፣ ስለ እኛ ነው» የሚል ጨምሮበታል። አንብቤ ስጨርስ ሳቄ መጣ። «ሰው ሌላውን እያየ ይነዳል» ብሎ የሚከስ ጽሑፍ፣ አንዱ ሌላውን እያየ ሲቀባበለው እኔ ዘንድ ደረሰ። እኔም ብሆን ያነበብኩት አምስት ሰው ስለላከው ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢልከው ኖሮ «በኋላ» ብዬ እረሳው ነበር።

ላላነበባችሁ ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። የመሃል አዲስ አበባ ሰው መንጋ ነው ይላል። ሰልፍ ካየ ይሰለፋል። ነዳጅ ሊጨምር ነው ሲባል ሌሊቱን ማደያ ያድራል። ዶላር ወጣ ሲባል ባለሱቁ ከወር በፊት የገዛውን ዘይት ዋጋ ይቀይራል። ይህ ሁሉ ሰው በራሱ ጭንቅላት ስለማያስብ የመጣ ነው። የሠለጠነው ዓለም እንዲህ አይደለም። መድኃኒቱ ደግሞ ወሬን ቶሎ ማስተባበል፣ እና የየሰልፉን ርዝመት በስልክ የሚያሳይ አፕ መሥራት ነው።

ጸሐፊው ያዩት ነገር እውነት ነው። ሰልፉም፣ ማደያውም፣ ዘይቱም። እኔ የማልስማማው ምክንያቱ ላይ ነው። ነጥብ በነጥብ ልሂድበት።

«ሰልፍ ሲያይ ይሰለፋል፤ ምክንያቱም አያስብም»

ባለፈው ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ሜክሲኮ አደባባይ። ሰማዩ ጠቁሯል። ሁለት የታክሲ ሰልፎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ረጅም ነው፣ ሰባ ሰማንያ ሰው ይሆናል። ሌላው ላይ ሰባት ሰው ብቻ ቆሟል። እኔ የጀሞ ነኝ። የየት ሰልፍ እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ የለም። ተራ አስከባሪውም በዚያ ሰዓት የት እንደገባ እንጃ።

ረጅሙ ጋ ሄጄ ቆምኩ። አስቤ ነው የሄድኩት። በዚያ ሰዓት የጀሞ ሰልፍ አጭር ሆኖ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አጭሩ የጀሞ ሊሆን አይችልም አልኩ። ፊቴ ዘንቢል የያዙ ሴትዮ ነበሩ። «እናቴ፣ የጀሞ ነው?» አልኳቸው።

«መሰለኝ ልጄ። እኔም ሰው አይቼ ነው የቆምኩት።»

ሃያ ደቂቃ ቆምን። ከዚያ አንድ ሚኒባስ መጣ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ጀሞ! ጀሞ!» እያለ አጭሩ ሰልፍ ፊት አቆመ። ሰባቱ ሰዎች ተራ በተራ፣ ምንም ሳይደንቃቸው፣ ገቡ። አምስት ቦታ ቀረ። መጀመሪያ አንድ ቦርሳ ያዘለ ተማሪ ከእኛ ሰልፍ ወጥቶ ሮጠ። ተከትለውት ሁለት ሰዎች። ከዚያ በኋላ ሰልፍ የሚባል ነገር አልነበረም። ከእኔ ኋላ የነበሩት ፊተኛ ሆኑ። ሴትዮዋ ዘንቢላቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ባሉበት ቀሩ።

ታዲያ ረጅሙ ሰልፍ የየት ነበር? በኋላ ስንጠያየቅ ከፊት የነበሩት አሥራ ምናምን ሰዎች ዓለም ባንክ ወደሚባለው ሰፈር የሚሄዱ ነበሩ። ከእነሱ ኋላ የነበርነው አብዛኞቻችን ግን የጀሞ ነን። አንዳችን የሌላችንን ጀርባ አይተን ነው የቆምነው።

ጸሐፊው ይህን ቢያዩ «አላልኳችሁም?» ይሉ ነበር። ቆይ ግን። እያንዳንዳችንን ለየብቻ ብትጠይቁን የምናስረዳው ምክንያት አለን፤ ምክንያቱም ደህና ነው። በየግል ትክክል ያሰብን ሰዎች አንድ ላይ ስንሆን ተሳሳትን። ይህ «አያስቡም» ከማለት በጣም የተለየ ነገር ነው።

ሕንድ የተወለዱት የኢኮኖሚክስ ሊቅ አብሂጂት ባነርጂ ይህን ነገር በ1992 እ.ኤ.አ. አሳምረው አሳይተውታል። እኚህ ሰው በኋላ፣ በ2019፣ ኖቤል የተሸለሙት ናቸው፤ ሽልማቱ ግን በሌላ ሥራቸው ነው። ምሳሌያቸው የምግብ ቤት ነው። እኔ ወደ እኛ ሰፈር ላምጣው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ሁለት ሽሮ ቤቶች ጎን ለጎን አሉ እንበል። በጥቅሉ ሲወራ የመጀመሪያው በትንሹ ይሻላል ይባላል። መቶ ሰው አንድ በአንድ ይመጣል። ከመቶው 99ኙ «ሁለተኛው ይሻላል» የሚል የራሳቸው ጥቆማ ይዘዋል። አንዱ ብቻ «የመጀመሪያው ይሻላል» የሚል ይዟል። እንደ አጋጣሚ ቀድሞ የደረሰው ያ አንዱ ነው። የመጀመሪያው ቤት ገባ።

ሁለተኛው ሰው መጣ። እሱ የያዘው ጥቆማ ወደ ሁለተኛው ቤት ይመራዋል። ነገር ግን ፊቱ አንድ ሰው የመጀመሪያው ቤት ገብቶ አየ። ያም ሰው አንድ ነገር ቢያውቅ ነው። አንዱ ጥቆማ አንዱን ያጣፋል። የቀረው በጥቅሉ የሚወራው ነው፤ እሱም ወደ መጀመሪያው ያደላል። ገባ። ሦስተኛው ሰው ሁለት ሰው አየ። እሱም ገባ። በዚህ አኳኋን መቶውም የመጀመሪያው ቤት ይገባል። ሁለተኛው ቤት ባዶውን ያድራል። የ99 ሰው ጥቆማ ማንንም ሳይጠቅም ኪስ ውስጥ ቀረ።

ከመቶው ውስጥ ሞኝ የለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ሰው የሚያደርገውን እናያለን፤ የሚያውቀውን አናይም። ሰማንያ ሰው ቆሞ ስናይ ሰማንያ ማስረጃ ያየን ይመስለናል። ሜክሲኮ ያ ሁሉ ሰው ይዞት የቆመው ማስረጃ ግን የሴትዮዋ «መሰለኝ» ብቻ ነበር። እሱም ከሰማንያ አፍ የሚወጣ አንድ መሰለኝ ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ልማድ ከሜዳ የመጣ አይደለም። እናቴ በደርግ ጊዜ ሰልፍ ስታይ መጀመሪያ ተራ ትይዝ ነበር። ምን እንደሚሸጥ የምትጠይቀው ከያዘች በኋላ ነው። ስኳርም ሆነ ሳሙና፣ ቤት ውስጥ የሚጠላ አልነበረም። ጠይቃ ብትሰለፍ ኖሮ ሃያ ሰው ይቀድማት ነበር። ይህን የምታደርግ ሴት አታስብም ካላችሁ፣ እናቴን አታውቋትም።

«የሠለጠነው ዓለም እንዲህ አይደለም»

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1969 እ.ኤ.አ. ስታንሊ ሚልግራምና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ሙከራ አለ። ቦታው ኒው ዮርክ፣ 42ኛው መንገድ ነው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ወደ አንድ ሕንፃ 6ኛ ፎቅ መስኮት አንጋጦ እንዲያይ ተደረገ። ከአላፊ አግዳሚው 4 በመቶው አብሮት ቆመ። የሚያንጋጥጡት 15 ሲሆኑ 40 በመቶው ቆመ። ሳይቆሙ ቀና ብለው ያዩትን ስንጨምር ደግሞ 86 በመቶ ደረሰ። መስኮቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረም።

ያ አሮጌ ነው ካሉኝ፣ በ2020 መጋቢት ላይ ኮሮና ሲገባ የሀብታም አገር ሱፐርማርኬቶች ምን አጡ? የሽንት ቤት ወረቀት። ወደሚቀጥለው ልለፍ።

«ወሬ ነው ችግሩ፤ ማስተባበል ይበቃል»

ራይድ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። አንድ ማታ ስልኩ ላይ «ነገ ነዳጅ ይጨምራል» የሚል መልእክት መጣ። ታንኩ ግማሽ ነው። ለሁለት ቀን ይበቃዋል። እሱ ግን ተነስቶ ማደያ ሄደ።

«አምነኸው ነው?» አልኩት።

«ኧረ አላመንኩም!» አለኝ። «ግን ሌላው ያምናል። ጠዋት ብወጣ ሰልፉ አስፋልት ላይ ወጥቶ አገኘዋለሁ። የግማሽ ቀን ሥራዬ ሄደ ማለት ነው። እውነት ከሆነ ተጠቀምኩ፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ ከነገው ሰልፍ ተረፍኩ።»

ይህን መልስ ደግማችሁ አንብቡት። ሰውየው ወሬውን አላመነም። ያመነው ሌላው ሰው እንደሚያምነው ነው። ያ ሌላው ሰውም እንደ እሱ አስቦ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ማደያው ላይ ከተሰለፉት መካከል ወሬውን ከልቡ ያመነ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። ሰልፉ ግን አለ።

ከዚያ ምን ይሆናል? ማደያው በየቀኑ የሚያልቅለትን መጠን ያውቃል። በሦስትና በአራት ቀን አንዴ የሚሞላው መኪና ሁሉ በአንድ ሌሊት ሲመጣ ጉድጓዱ ይደርቃል። ከከተማዋ ነዳጅ አልጠፋም። ከአንድ ትልቅ ጉድጓድ ወጥቶ በሺህ ትናንሽ ታንኮች ውስጥ ተበተነ እንጂ። ጠዋት ማደያው «ነዳጅ የለም» ይላል። ማታ ውሸት የነበረው ጠዋት እውነት ሆነ።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት ሜርተን በ1948 እ.ኤ.አ. ለዚህ ስም አወጡለት፤ ራሱን የሚፈጽም ትንቢት። የእሳቸው ምሳሌ ባንክ ነው። ደህና የነበረ ባንክ ሊከስር ነው ተብሎ ይወራበታል። ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ይጎርፋል። ባንኩ የጎርፉን ያህል ጥሬ ገንዘብ በእጁ ስለሌለው ይወድቃል። ጤነኛ ባንክ ቢሆንም እንኳ ለአስቀማጩ ቀድሞ ማውጣት ያዋጣዋል፤ ሌሎቹ እያወጡ ከሆነ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ማስተባበሉ። «በቂ ክምችት አለ፤ ኅብረተሰቡ እንዳይደናገጥ» የሚል ነገር ስትሰሙ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ጀሪካን ነው የምፈልገው። ጤና ከሆነ ማስተባበል ለምን አስፈለገ እላለሁ። ሌላም አለ። ጓደኛዬን ወሬው ውሸት ነው ብላችሁ ማሳመን አያስፈልጋችሁም፤ ቀድሞም አላመነም። ማሳመን ያለባችሁ ሌላው እንደማይሮጥ ነው። ያንን መግለጫ አያመጣውም።

ባንኮቹን ያዳናቸው ምን ነበር? ዳግላስ ዳይመንድ እና ፊሊፕ ዲብቪግ በ1983 እ.ኤ.አ. ጽፈውታል፤ በ2022 ኖቤል የተሸለሙትም በዚሁ ጉዳይ ነው። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ነው። ባንኩ ቢወድቅም ገንዘብህ አይጠፋም ከተባልክ፣ ሌላው ቢሮጥም ባይሮጥም አንተን አያገባህም። ስለዚህ አትሮጥም። ሌላውም አይሮጥም። አገራችንም የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ያቋቋመችው ያለ ነገር አይደለም። ለነዳጁ የሚሆን ተመሳሳይ ነገር ምን እንደሆነ ባለሙያ ይንገረን፤ መግለጫ ግን አይደለም።

«ባለሱቁ ጨመረ፤ ጎረቤቱ ስለጨመረ»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን 75 ብር ገደማ ገባ። እኔ ያን ሰሞን ሰንጋ ተራ የሚገኝ ደንበኛዬ ሱቅ ሄድኩ። ዘይቱ ጨምሯል። ፕላስቲኩ ላይ አቧራ አለ።

«ይሄ ዘይት ዶላር መውጣቱን ሰምቷል?» አልኩት።

ሳቀ። «ጋሼ፣ ይሄንን ዛሬ በድሮው ዋጋ ሸጥኩልህ እንበል። ነገ ቦታው ላይ የምተካውን በስንት ልገዛ ነው?»

«በስንት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አከፋፋዩ ስልክ አያነሳም።»

ልጁ የሚሸጠው የዛሬውን ዘይት ነው፤ ዋጋ የሚያወጣለት ግን ለነገው ነው። ነገ ደግሞ አይታይም። አከፋፋዩ ስልክ ካላነሳ ነገን የሚገምትበት አንድ ነገር ብቻ አለው፤ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ የለጠፈውን ዋጋ። ፊት ለፊት ያለውም የሚያየው እሱን ነው። ሁለት ሰዎች በጨለማ ተያይዘው ደረጃ ሲወጡ አስቡ፤ አንዱ ሌላው መንገዱን የሚያውቅ ይመስለዋል።

ሆን ብሎ የዘረፈ ነጋዴ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ነበር፤ እኔም ተዘርፌያለሁ። ግን ከዘራፊውና ግራ ከገባው መካከል ልዩነት አለ። ሁለቱን «መንጋ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ መሄድ ለዘራፊው መደበቂያ ነው።

«ሕዝቡን በሥራው እወቁት»

ጽሑፉ ውስጥ በጣም ያልተመቸኝ ይህ ነው። ከሰልፉ መበተን ተነስተው የሰውን ጠባይ ይፈርዳሉ። ሥርዓት የለሽ፣ ችኩል፣ ራስ ወዳድ።

ያን ቦርሳ ያዘለ ተማሪ አስታውሱት። አሜሪካዊው ማርክ ግራኖቬተር በ1978 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ ስሌት አቅርበዋል። መቶ ሰው አለ። አንዱ ማንም ሳይቀድመው ይነሳል። ሌላው አንድ ሰው ሲነሳ ካየ ይነሳል። ሦስተኛው ሁለት ካየ፣ አራተኛው ሦስት ካየ፣ እንዲህ እያለ እስከ መቶ። አንዱ ተነሳ፤ መቶውም ተነሳ። አሁን ከመቶው አንድ ሰው ብቻ ቀይሩ። ሁለተኛው ሰው፣ አንድ ሳይሆን ሁለት ካላየ የማይነሳ ይሁን። የመጀመሪያው ሰው ተነስቶ ብቻውን ይቀራል። ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆማል።

ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው የመጀመሪያውን ሕዝብ «ረባሽ» ይለዋል፤ ሁለተኛውን «ጨዋ» ይለዋል። 99ኙ ግን ያው ሰዎች ናቸው። ያ ተማሪ ሐሙስ ዕለት ትንሽ ቢያመነታ ኖሮ፣ ምናልባት ሴትዮዋ ዛሬ «የጀሞ ሰው ሥርዓቱ ደስ ሲል» እያሉ ያወሩ ነበር።

«አፕ ይሠራ»

ይሠራ። ግን ምን እንደሚያሳይ እንነጋገር።

ብራያን አርተር የሚባሉ የኢኮኖሚክስ ሊቅ ሳንታ ፌ የምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ኤል ፋሮል የሚባል መጠጥ ቤት ያዘወትሩ ነበር። ሐሙስ ማታ የአየርላንድ ሙዚቃ አለ። ሰው ከበዛ ግን ቤቱ አይመችም። በ1994 እ.ኤ.አ. ይህን ወደ ስሌት ቀየሩት። መቶ ሰው መሄድ ይፈልጋል። ከ60 በታች ከሆኑ ጥሩ ምሽት ነው፤ ከበለጡ ቤት መቅረት ይሻላል። ማንም ከማንም ጋር ሳይነጋገር ይወስናል። ሁሉም «ዛሬ ባዶ ነው» ብሎ ካመነ ሁሉም ይሄዳል፤ ይጨናነቃል። ሁሉም «ዛሬ ይሞላል» ብሎ ካመነ ማንም አይሄድም፤ ባዶ ይሆናል። ሁሉም አንድ ዓይነት ካመነ ሁሉም ይሳሳታል።

የመሃል ከተማ ሹፌር ይህን ያለ ስሌት ያውቀዋል። በለገሃር ተዘግቷል ሲባል ሁሉም በአምባሳደር ይዞራል። አምባሳደር ይዘጋል። ለገሃር ይከፈታል። አፑ «ሜክሲኮ ሰልፉ አጭር ነው» ብሎ በአንድ ደቂቃ ለአሥር ሺህ ሰው ቢነግር፣ እኔ ስደርስ የማገኘውን ሰልፍ አስቡት።

ስለዚህ መረጃ ሁለት ዓይነት ነው። «የትኛው ሰልፍ አጭር ነው» የሚለው፣ ሰው ሁሉ ሲያውቀው ይበላሻል። «ይህ ሰልፍ የየት ነው» የሚለው ግን ሚሊዮን ሰው ቢያውቀውም ያው እውነት ነው። ሐሙስ ዕለት የጎደለን ሁለተኛው ነበር። እሱ ደግሞ አፕ አይፈልግም። ካርቶንና ማርከር ይበቃዋል። ወይም ድምፁ የሚሰማ አንድ ተራ አስከባሪ።

ወይም፣ ሄዶ መጠየቅ ነው አልኩ ለራሴ። ትናንት ማታ ሜክሲኮ ስደርስ እንደዚያው አደረግኩ። ሰልፉን አልፌ እስከ መጀመሪያው ሰው ሄድኩ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ልጅ ነው። «የጀሞ ነው?» አልኩት። አንዱን ጆሮ አወጣና «አዎ» አለኝ። እሱን እያመሰገንኩ ሳለ ከኋላ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«አይተሃቸዋል ትልቅ ሰውዬ! በጎን ሊገቡ እኮ ነው!»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንገቴን ደፍቼ ወደ ኋላ ሄድኩና መጨረሻው ላይ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ልጅ መጣችና ከኋላዬ ቆመች። ማንንም አልጠየቀችም።